ጠገራው ስንት ያወጣል? ከባለሱቁ በፊት ራሳችሁ ዋጋ አውጡ

ቸርችል ጎዳና ላይ ካሉት የስጦታ ዕቃ ሱቆች ወደ አንዱ ግቡ። የእንጨት ቅርጹ፣ ሸማው፣ የአንገት መስቀሉ አንዳንዴ ዋጋ ይለጠፍበታል። መስታወቱ ሥር የተደረደሩት ጠገራ ብሮች ላይ ግን ወረቀት አታዩም። «ጋሼ፣ ይቺ ስንት ናት?» ስትሉ ባለሱቁ መጀመሪያ የሚያየው ሳንቲሟን ሳይሆን እናንተን ነው። ጫማችሁን ያያል፣ ስልካችሁን ያያል፣ አማርኛችሁ የአዲስ አበባ ይሁን የዋሽንግተን ጆሮውን ጣል አድርጎ ይሰማል። ዋጋው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ማኅበራዊ ሚዲያው ላይ ደግሞ ሌላ ጨዋታ አለ። «ይህ ሳንቲም ቤታችሁ ካለ ሚሊየነር ናችሁ» የሚል ቪዲዮ አንድ ጊዜ እንኳ ስልካችሁ ላይ ሳይመጣ አልቀረም። ባለሱቁ ከፍ አድርጎ ይጠራል፣ ቪዲዮው ሰማይ ያደርሳል፣ ብር ሠሪው ደግሞ ሚዛን ላይ ጥሎ በግራም ይገዛል። ሦስቱም የሚሠሩት እኛ ሳንቲሙ ስንት እንደሚያወጣ ስለማናውቅ ነው። ደግነቱ ለማወቅ የሚያስፈልገው ነገር አብዛኛው እጃችሁ ላይ ባለው ስልክ ውስጥ አለ።

በብዛት የምታገኙት ማርትሬዛ ስለሆነ ከእሱ እንነሳ። ፊቱ ላይ የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ አለች፤ ጀርባው ላይ ባለ ሁለት ራስ ንስርና 1780 የሚል ቁጥር። «ይሄ የ1780 ኦሪጅናል ነው፣ ከ240 ዓመት በላይ ሆኖታል» የሚለው አባባል በአዲስ አበባ ሱቆች ውስጥ ብዙ ገንዘብ ካስከፈሉ አባባሎች አንዱ ይመስለኛል። እውነቱ ሌላ ነው። ንግሥቲቱ የሞተችው በ1780 ነው፤ ሳንቲሙ ግን በዚያው ዓመት ቁጥር እንደተጻፈበት መታተሙን ቀጠለ። በእኛም አገር፣ በየመንም፣ በሱዳንም ሰዉ የለመደው ያንን መልክ ነበርና ቁጥሩን መቀየር ገበያ ማጣት ነበር። የናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ለስንቅና ለከብት የሚከፍለው ማርትሬዛ ቪየና ታትሞለት ነው የመጣው። በ1935 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ ጣሊያን ሊወረን ሲሰናዳ፣ የማተም መብቱን ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ ማተም ጀመረ። ከዚያ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይ ተከተሉ። የቪየናው ማተሚያ ቤት ዛሬም ያትመዋል።

ስለዚህ 1780 የሚለው ቁጥር ዕድሜ አይነግራችሁም። በእጃችሁ ያለው ሳንቲም በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን የታተመ ሊሆን ይችላል፤ አምና የታተመም ሊሆን ይችላል። የሚያውቁ ሰብሳቢዎች በንስሩ ጭራ ላባ፣ በንግሥቲቱ የትከሻ ጌጥና በፊደሎቹ አቀማመጥ ዘመኑንና ከተማውን ይለያሉ። በእርግጥ ቀደም ያለውና ብርቅ የሆነው ዓይነት ዋጋው ከፍ ይላል። ነገር ግን ይህን ልዩነት የማያስረዳ ባለሱቅ የልዩነቱን ዋጋ ሊጠይቅ አይገባም። ጠይቁት፦ «ጋሼ፣ የድሮው መሆኑን በምን አወቁት?» መልሱ «ቁጥሩን አታይም እንዴ?» ከሆነ ለተራ ማርትሬዛ ነው የምትከራከሩት።

ተራ ማርትሬዛ ስንት ያወጣል? ወለሉ የሚሠራው በሒሳብ ነው። ሙሉ ክብደቱ 28.07 ግራም ነው፤ ከዚህ ውስጥ ንጹሕ የብር ማዕድኑ 83.3 በመቶ፣ ማለትም 23.39 ግራም። በዓለም ገበያ ብር የሚሸጠው በትሮይ አውንስ ነው፣ አንዱ ትሮይ አውንስ 31.1 ግራም ይሆናል። ስለዚህ አንድ ማርትሬዛ ውስጥ ያለው ሦስት አራተኛ አውንስ ገደማ ነው። ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት በስልካችሁ የዕለቱን የብር ዋጋ እዩ፣ በ0.75 አባዙ፣ ያገኛችሁትን ዶላር ደግሞ በባንክ ምንዛሪ አባዙ። ለምሳሌ አውንሱ 40 ዶላር ነው ብንል ሳንቲሟ ውስጥ ያለው ማዕድን 30 ዶላር ያህል ነው። ይቺን ቁጥር ይዛችሁ ስትገቡ ክርክሩ መልኩን ይቀይራል። (በነገራችን ላይ ገንዘባችንን «ብር» ያልነው ከዚህ ማዕድን የተነሳ ነው፤ አሁን ግን አንድ ብር ብር ለመግዛት ስንት ብር እንደሚያስፈልግ ማስላት የግድ ሆኗል። ቋንቋው ራሱ ሊያሾፍብን ይመስላል።)

ይህ ወለል ደግሞ ባለበት አይቆምም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያ ሰሞን መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ማርትሬዛ ማንም ሳይነካው የማዕድኑ ዋጋ በብር ወደ እጥፍ ተጠጋ። ከዚያ በፊት ገዝቶ ያስቀመጠ ነጋዴ አተረፈ። በአሮጌው ዋጋ ደንበኛ የሚሸጥለት ያገኘውማ የበለጠ አተረፈ። ስለዚህ «አምና ጓደኛዬ በዚህ ዋጋ ነው የገዛው» የሚል ክርክር ለገዢም ለሻጭም አይሠራም። የዛሬን ስሉ።

አሁን ከወለሉ በላይ ስላለው እናውራ። ባለሱቁን ሌባ ማለት ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልስማማም። ኪራይ ይከፍላል፤ ግብር ይከፍላል። ገንዘቡ ደግሞ መስታወት ሥር ተኝቷል፣ አንዳንዱ ሳንቲም ገዢ ሳያገኝ ዓመት ይቀመጣል። የገዛበትን ዋጋ ብቻ ይዞ ቢሸጥ ሱቁ በወሩ ይዘጋል። ከማዕድኑ ዋጋ ላይ የተወሰነ ጭማሪ መክፈል የሰብሳቢነት ወጪ ነው። ችግሩ ያለው የጭማሪው መጠን ላይ ነው፤ እሱን ለመለካት ደግሞ ከማውቃቸው ጥያቄዎች ሁሉ የሚበልጥ አንድ አለ።

«ጋሼ፣ ይቺኑ ሳንቲም ነገ ይዤልዎት ብመጣ በስንት ይገዙኛል?»

በቁጣ መጠየቅ የለበትም፤ ሳቅ ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ስሙ። የሚሸጥበትና የሚገዛበት ዋጋ መካከል ልዩነት መኖሩ ጤናማ ነው። እንደ ማርትሬዛ ቶሎ ለሚሸጥ ነገር ልዩነቱ ጠባብ ቢሆን ያስኬዳል፤ ገዢው ጥቂት ለሆነ ብርቅ ሳንቲም ሰፋ ቢል ይገባኛል። ነገር ግን አሁን አራት ሺህ የጠራ ሰው «ነገማ አንድ ሺህም አልሰጥህም» ካለ፣ የሳንቲሙን ዋጋ የነገራችሁ ራሱ ነው። አንዳንዱ «እኛ አንገዛም፣ መሸጥ ብቻ ነው» ይላል። ይህም መልስ ነው፤ የሚሸጠው ለቱሪስት ማስታወሻ እንጂ ለሰብሳቢ ሳንቲም አይደለም ማለት ነው። ማስታወሻ መግዛት ነውር የለውም፣ ግን እንደ ሀብት ማስቀመጫ አትቁጠሩት።

ምኒልክ ብር ሲመጣ ሒሳቡ ይለወጣል። ዳግማዊ ምኒልክ በራሳቸው መልክ ፓሪስ ያሳተሙት ብር መጀመሪያ የወጣው 1887 የሚል ዓመት ተጽፎበት ነው፣ በእኛው አቆጣጠር። ፊቱ ላይ ንጉሡ ዘውድ ደፍተው፣ ጀርባው ላይ ዘውድ የጫነው አንበሳ። ክብደቱም የብር መጠኑም ሆን ተብሎ ከማርትሬዛ ጋር እንዲቀራረብ ተደርጓል። ሰው እንዲቀበለው ነበር የታሰበው፤ ሰዉ ግን ማርትሬዛውን አለቅም አለ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሠሩ ኖሩ። በሚዛን ሁለቱ አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። ለሰብሳቢ ግን የምኒልኩ ከማርትሬዛው በጥሩ ልዩነት ይበልጣል። የታተመው መጠን ውሱን ነው፤ ዓመቱና የአያያዙ ሁኔታ ደግሞ ዋጋውን ወደ ላይም ወደ ታችም ያንቀሳቅሱታል።

ይህን የማያውቅ ሰው የት እንደሚጎዳ ያየሁት ብር ሠሪ ቤት ነው። አንዲት ልጅ ሦስት ሳንቲም ይዛ መጥታ ነበር፤ የአያቷ ናቸው፤ አያቷ በቅርብ ነው ያረፉት። ለቤት ኪራይ ፈልጋው ነው። ብር ሠሪው ሦስቱንም ሰብስቦ ሚዛን ላይ ጣለና ግራሙን አነበበ፣ በግራም የሚገዛበትን ተናገረ። ከሦስቱ አንዱ አንበሳ ነበረው። አጠገቧ የቆመ ሰው «ልጄ፣ እሱን ለብቻው አድርጊው» አላት። ብር ሠሪው አልተቆጣም። «እኔ አቅልጬ መስቀል ነው የምሠራበት፣ ለኔ ብር ብር ነው» አለ፤ አንበሳውን ከሚዛኑ አንስቶ መለሰላት። ልጅቱ ሁለቱን ሸጠች፣ ሦስተኛውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወጣች። ሰውዬው አላጭበረበራትም። እሱ የማዕድን ገዢ ነው፤ የማዕድን ዋጋ ሰጠ። ጥፋቱ የሰብሳቢ ዋጋ ያለውን ነገር ማዕድን ገዢ ጋ መውሰድ ነው። በአገራችን ስንት ምኒልክ ብር በዚህ መንገድ ቀልጦ የአንገት መስቀልና የእጅ አምባር እንደሆነ ሳስበው ያመኛል።

ከአያት የወረሳችሁት ካለ ደግሞ አንድ ልመና፦ አትጠቡት። ቤታችን ውስጥ ብር ሲጠቁር በሎሚ፣ በአመድ፣ በሳሙና ማሸት የተለመደ ነው፤ ለጌጥ ጥሩ ነው፣ ለሳንቲም ግን እርግማን ነው። ሰብሳቢ የሚፈልገው ያ በዓመታት የመጣው ጥቁር ግራጫ መልክ ሳይነካ ነው። ታሽቶ የሚያብረቀርቅ ሳንቲም ሱቅ ውስጥ ስታዩም «አዲስ ነው የሚመስለው!» ብላችሁ አትደሰቱ፤ ዋጋ ለማስቀነስ ምክንያት አገኛችሁ ማለት ነው። የተበሳ ወይም ማንጠልጠያ የተበየደበትም እንዲሁ። አያቶቻችን አንገት ላይ ያደርጉት ስለነበር ብዙው ጠገራ ቀዳዳ አለው። የተበሳ ማርትሬዛ በማዕድኑ ዋጋ አካባቢ ይሸጣል እንጂ የሰብሳቢ ጭማሪ አይከፈልበትም።

የአያያዙን ደረጃ የሚያወጡ ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ የሚባሉ የአሜሪካ ድርጅቶች አሉ። ሳንቲሙን መርምረው ከ1 እስከ 70 ነጥብ ይሰጡና በፕላስቲክ ያሽጉታል። ለውድ ሳንቲም ይጠቅማል። ለተራ ማርትሬዛ የምርመራውና የመላኪያው ወጪ ከትርፉ ይበልጣል፤ ታሽጓል ተብሎ እጥፍ ከተጠየቃችሁ እለፉት።

አሁን ወደ ሳንቲሞቹ። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ባለ 1፣ ባለ 5፣ ባለ 10 ሳንቲሞች ላይ ያለው ፲፱፻፴፮ ማለት 1936 ነው። ልክ እንደ ማርትሬዛው ይህም ቁጥር ባለበት የቆመ ነው፤ ለዓመታት ያው ቁጥር ሲታተም ኖሯል። ገንዘቡ ራሱ ሥራ ላይ የዋለው ሐምሌ 16 ቀን 1937 ነው። ስለዚህ የመዳብ ሳንቲሞቹ ብዙ ናቸው፤ ርካሽም ናቸው። ሚሊየነር የሚያደርገው ቪዲዮ በአብዛኛው የሚያሳየው እነሱን ነው። ከእነሱ መሀል የሚለየው ባለ 50 ሳንቲሙ ነው፤ እሱ ብር ነው፣ 7 ግራም ገደማ፣ መጀመሪያ 80 በመቶ ኋላ ላይ 70 በመቶ የብር ማዕድን ያለበት። የማዕድኑን ወለል እዚህም ማስላት ትችላላችሁ።

ባለ 25 ሳንቲሙ ታሪኩ ደስ ይላል። መጀመሪያ ክብ ነበር። መጠኑ ከባለ 50ው ጋር ስለሚቀራረብ አንዳንድ ብልጦች ብር እየቀቡ በ50 ሳንቲም ያሳልፉት ጀመር። መንግሥትም ክቡን ሰብስቦ ጠርዙ እንደ አበባ የተከረከመውን አወጣ። ስለዚህ ክቡ ባለ 25 ካገኛችሁ ትንሽ ጭማሪ ይገባዋል፤ ብር የተቀባ ካገኛችሁ ደግሞ በዘመኑ የነበረ ማጭበርበር በእጃችሁ ይዛችኋል፣ እኔ ብሆን ያንን እመርጣለሁ።

ሐሰተኛውን መለየት ላይ ረጅም ንግግር አያስፈልግም። ትንሽ የኪስ ሚዛን ግዙ፤ ማርትሬዛ ሙሉ ከሆነ 28 ግራም፣ በእጅ ብዛት ያለቀ ከሆነ ጥቂት ነጥብ ቢጎድል ነው። 24 ከሆነ ወይም 30 ካለፈ አስቀምጡት። ማግኔት ከሳበው ብር አይደለም፤ ማግኔት አለመሳቡ ግን ብቻውን ዋስትና አይሆንም፣ መዳብም እርሳስም አይሳቡም። ጠርዙን አዙራችሁ እዩ፤ በእውነተኛው ላይ በላቲን «ፍትሕና ምሕረት» የሚል ጽሑፍ ጎልቶ ወጥቷል። ሻጋታ ውስጥ ፈስሶ የተሠራ ሐሰተኛ ጠርዙ ላይ የመገጣጠሚያ መስመር ሊታይበት ይችላል። የድሮ ነጋዴዎች ይህን ሁሉ ያለ መሣሪያ ያደርጉት ነበር፦ የንግሥቲቱን ጌጥ ዕንቁዎች ይቆጥራሉ፣ ድንጋይ ላይ ጥለው ድምፁን ያዳምጣሉ። ለመመዘን የማይፈቅድላችሁ ሱቅ ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ውጡ።

አክሱም ስትሄዱ ደግሞ መንገድ ላይ «ከመሬት የወጣ ነው» እያለ ትንሽ የነሐስ ሳንቲም የሚያሳያችሁ ልጅ ሊያጋጥማችሁ ይችላል። አክሱም በዘመኑ በወርቅ፣ በብርና በነሐስ ገንዘብ ያሳተመ መንግሥት ነው፤ ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ሲቀበል በሳንቲሙ ላይ የነበረውን ጨረቃና ክብ በመስቀል ተክቷል። በዚህ ላይ ዋጋ አትከራከሩ። ልጁ የያዘው ለቱሪስት የተሠራ ከሆነ ተታለላችሁ፣ እውነተኛ ከሆነ ደግሞ ቅርስ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ ለባለሥልጣኑ እንዲነገር ያዛል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም ክልክል ነው። የአክሱም ሳንቲም ማየት የፈለገ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ይሂድ።

የሰብሳቢ ዋጋን በስልክ ለማየት ስትሞክሩ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ወጥመድ አለ። ኢቤይ ላይ «ምኒልክ ብር» ብላችሁ ብትፈልጉ የሚመጣው ሻጩ የተመኘው ዋጋ ነው። ማንም ሰው ለአንድ ሳንቲም ሚሊዮን ዶላር ብሎ መለጠፍ ይችላል፤ አይከለከልም። ማጣሪያው ውስጥ ገብታችሁ «የተሸጡ» የሚለውን ምረጡ፤ ያኔ ሰው በእርግጥ የከፈለውን ታያላችሁ። ሁለት ሦስቱን ሳይሆን አሥር ያህል እዩ፣ ከእናንተው ጋር የሚመሳሰል አያያዝ ያለውን ለዩ። ኑሚስታ የሚባለው ነፃ ድረ ገጽ ደግሞ የየሳንቲሙን ክብደት፣ ማዕድንና ዓመት በፎቶ ያሳያል። እነዚህን ሁለት ገጾች ከፍቶ መስታወቱ ፊት የቆመ ወጣት ባለሱቁ ሌላ ዓይነት አድርጎ ነው የሚያናግረው። አንዳንዱ ይበሳጫል። አንዳንዱ ደግሞ ከመስታወቱ ሥር ያልታየ መሳቢያ ይከፍትላችኋል፤ ጥሩው ሳንቲም ያለው እዚያ ነው።

የምትኖሩት አሜሪካ ወይም አውሮፓ ከሆነ ሱቁ ሌላ ጠባይ አለው። እዚያ ያለ የሳንቲም ነጋዴ የዕለቱን የብር ዋጋ ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶ ነው የሚቀመጠው፤ ማርትሬዛን ከማዕድኑ ብዙም ሳይርቅ ይሸጣል፣ ይገዛልም። የእኛን ሳንቲሞች ግን ብዙ ጊዜ አያነባቸውም። ባለ ፲፱፻፴፮ ሳንቲሙን 1936 እንደ ፈረንጅ አድርጎ ይጽፍበታል፤ በእነሱ አቆጣጠር ግን 1943 መጨረሻና 1944 ነው። የደርጉን 1969ም እንዲሁ፣ በእነሱ 1977 ገደማ የሚሆነውን። የተለያየ አገር ሳንቲም በጅምላ የተቀላቀለበት ሳጥን ካያችሁ ጊዜ ወስዳችሁ አገላብጡት። ፲፰፻፹፯ የሚለውን ማንበብ የምትችሉት ሱቁ ውስጥ ካለው ሰው መሀል እናንተ ብቻ ልትሆኑ ትችላላችሁ፤ ስትከፍሉም ደረሰኙ ላይ የሳንቲሙን ዓመትና ክብደት እንዲጽፍላችሁ ጠይቁት።